ሽክርክሪቷን የሚያያት ማነው?

አባት ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቱ ገባ። ትንሽ የብረት ሽክርክሪት ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አሾራት። ከወደቀች ያለው በእውኑ ዓለም ነው። ሳትደክም መሾሯን ከቀጠለች ሕልም ውስጥ ነው። መልሱን ግን አልጠበቀም። በበሩ በኩል ልጆቹን አየ፣ እሷን ትቶ ወደነሱ ሄደ። ካሜራው አብሮት አልቆየም። ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ሽክርክሪቷ ላይ አፈጠጠ። ትሾራለች። አሁንም ትሾራለች። ትንሽ የተንገዳገደች መሰለች። ድርግም። ጥቁር ስክሪን፣ የፊልሙ ርዕስ፣ አለቀ።

በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ አለ። የዚህ ፊልም፣ የ«ኢንሴፕሽን» ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን በ2015 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ሲናገር አንስቶታል። ሰው ይዞ ሳያፋጥጠው ከአዳራሹ ጀርባ ሹልክ ብሎ እንደሚወጣ ቀልዶ ነበር። ምክንያቱም ስክሪኑ ሲጠቁር ሕዝቡ «ኤጭ!» ይላል። ቃሉ የኔ ነው፤ እሱ ያወራው ስለ ማቃሰት ነው። ስሜቱ ግን ያው ነው። ጉርሻ አፍ ከደረሰ በኋላ ሲመለስ እንደሚሰማው ዓይነት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «ኤጭ» ነው። «ኢንሴፕሽን» 2010 ላይ ወጥቶ ተመልካቹን ለምን እንዲህ አከራከረ? የተናደደው ሰው ለምን ተመልሶ ቲኬት ቆረጠ? ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስፖይለር የሚፈራ ካለ ከዚህ ይመለስ። መጨረሻውን ሳይነኩ ይህን ጉዳይ ማውራት አይቻልም።

ላላዩት ባጭሩ። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው ኮብ ሌባ ነው። የሚሰርቀው ከሰው ሕልም ነው። ሰውየውን ያስተኙታል፣ ሕልሙ ውስጥ ይገባሉ፣ ምስጢሩን ይዘው ይወጣሉ። ኮብ ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ስለሚፈለግ አሜሪካ ወዳሉት ልጆቹ መመለስ አይችልም። ሳይቶ የሚባል ጃፓናዊ ባለሀብት የተገላቢጦሽ ሥራ ያመጣለታል። አትስረቅ፣ ዝራ። የተፎካካሪዬ ወራሽ ፊሸር «የአባቴን ድርጅት ልበትነው» ብሎ እንዲያስብ አድርግልኝ፣ እኔም ክሱን አስነሳልሃለሁ። ሐሳቡ ፊሸርን የራሱ እንዲመስለው ሦስት ሕልም ወደታች መውረድ ያስፈልጋል። ሕልም ውስጥ ሕልም፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕልም። ከሁሉም ሥር «ሊምቦ» አለ። እዚያ የወደቀ ሰው አርጅቶ እስኪጃጅ ድረስ ሊኖርና እውነተኛውን ዓለም ሊረሳ ይችላል።

ዋርነር ብራዘርስ ለዚህ ታሪክ 160 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ልብ በሉ። መነሻ የሚሆነው የታወቀ መጽሐፍ የለም፣ ክፍል አንድ የለም፣ ካባ የለበሰ ጀግና የለም። ማስታወቂያውም ታሪኩን ደብቆ ነው የወጣው። አብዛኛው ሰው የገባው ፓሪስ እንደ ምንጣፍ ስትታጠፍ አይቶ ነው። ርዝመቱ 148 ደቂቃ ነው።

ሲወጡ የሰጡትና በሳምንቱ ያደረጉት

ፊልሙ ጁላይ 16 ቀን 2010 አሜሪካ ውስጥ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 62.8 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ። በመክፈቻው ምሽት ከአዳራሽ የሚወጡ ሰዎችን እንደ ትምህርት ቤት በፊደል ማርክ ያሰጣል። «ኢንሴፕሽን» ያገኘው ቢ ፕላስ ነው። ለተማሪ ደህና ማርክ ነው። ሰፊው ሕዝብ የወደደው ትልቅ ፊልም ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ኤ አካባቢ ነው። እዚያ ሰፈር ቢ ፕላስ «ወድጄዋለሁ መሰለኝ» እንደማለት ይቆጠራል።

በዚህ ማርክ የሁለተኛው ሳምንት ገቢ በግማሽ ቢወርድ ማንም አይደነቅም ነበር። በጩኸት የሚከፈቱ ፊልሞች ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆኑት። ይህኛው ግን የወረደው ወደ 42.7 ሚሊዮን ነው፤ ሲሶ ብቻ። ሦስት ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ290 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ።

ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በር ላይ የተጠየቀው ሰውና ሦስት ቀን ያደረው ሰው አንድ አይደሉም። በር ላይ ያለው ገና «ኤጭ» ላይ ነው። ሦስት ቀን ያደረው ግን ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አልጋው ላይ ሲከራከር ከርሟል። ጓደኛውን «ሂድና እይ፣ ከዚያ እናወራለን» ብሎታል። ፊልሙ ያለቀው አዳራሹ ውስጥ አይደለም። የሲኒማስኮር ካርድ ደግሞ የሚሞላው አዳራሹ በር ላይ ነው።

ሰው የጠፋበት ቦታ

ስለዚህ ፊልም በብዛት የሚባለው «አይገባም» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቤት ውስጥ ነው ያየሁት። አንዱ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ስላየው ዝም ማለት አልቻለም። በየመሀሉ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺን ልብ በል!» እያለ ያቆመዋል። ሌላኛዋ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ትጠይቃለች፤ «አንተ፣ አሁን ያለነው የማን ሕልም ውስጥ ነው?»

ጥያቄዋን ልብ ብላችኋል? «ስንተኛው ሕልም ላይ ነን» አላለችም። ስንተኛው እንደሆነ ማንም አይጠፋበትም። ኖላን ተጠንቅቋል። አንደኛው ዝናብ የሚዘንብበት ከተማ ነው፣ ሁለተኛው ቢጫ መብራት ያለው ሆቴል፣ ሦስተኛው በረዶ የሸፈነው ተራራ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቶ ጊዜ ቢዘልም ዓይናችን ቀለሙን አይቶ ወዲያው ያውቃል። የሚያደናግረው የሕልሙ ባለቤት ነው። ዝናቡ ለምን እንደሚዘንብ እንኳ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የዚያ ሕልም ባለቤት፣ የኮብ ቡድን መድኃኒት ቀማሚ ዩሱፍ፣ አውሮፕላኑ ላይ ሻምፓኝ ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ሳይሄድ ነው የተኛው። ዝናቡ እሱ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ያየው ወዳጃችን ሲነግረን የሳቅነው ሳቅ ፊልሙ ውስጥ ካለው ቀልድ ሁሉ ይበልጣል።

ሰዓቱም ቢሆን በብዕር ብታሰሉት ይሠራል። የሚያስተኛቸው መድኃኒት አእምሮን ሃያ እጥፍ ያፈጥናል ይባላል። በረራው አሥር ሰዓት ነው። በሃያ ሲባዛ ሁለት መቶ ሰዓት፣ ስምንት ቀን ግድም ነው። ፊልሙ «አንድ ሳምንት» ይላል። እንደገና በሃያ ሲባዛ አምስት ወር ተኩል ይሆናል። ፊልሙ «ስድስት ወር» ይላል። አሁንም በሃያ፣ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን። ፊልሙ «አሥር ዓመት» ይላል። ሒሳቡ ተጠጋግቷል እንጂ አልተፈጠረም። እንዲህ ያለ ነገር ተመልካቹን የሚነግረው አንድ ነገር ነው። «እዚህ ቤት ሕግ አለ፣ ብትከታተል አትከስርም» ይለዋል።

ሕጉን የሚያጠብቅ ተመልካች ደግሞ ጉድለቱንም ይይዛል። በጣም የተባለለት ቅሬታ የክብደት ጉዳይ ነው። አንደኛው ሕልም ውስጥ መኪናው ከድልድይ ሲወድቅ ሁለተኛው ሕልም ውስጥ ያሉት ሰዎች አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ጥሩ። ታዲያ እነሱ እየተንሳፈፉ የሚያልሙት ሦስተኛው ሕልም ውስጥ ያሉት ሰዎች በረዶው ላይ ደህና ቆመው የሚዋጉት እንዴት ነው? ብዙ ማብራሪያ ሰምቻለሁ። አንዱም አላረካኝም። ግን ጥያቄው ራሱ ደስ ይላል። ሰው እንዲህ የሚሟገተው ሕጉን ተቀብሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ያንን ቅሬታ ብዙ ሰው ይቅር የሚልበት ምክንያት የሆቴሉ ኮሪደር ይመስለኛል። ኮሪደሩ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ካርዲንግተን በሚባል የድሮ የአየር መርከብ ማቆሚያ ውስጥ ሠላሳ ሜትር ግድም የሚረዝም ኮሪደር ሠርተው እንደ በርሜል አሽከርክረውታል። የኮብን ባልደረባ አርተርን የሚጫወተው ጆሴፍ ጎርደን ሌቪት ግድግዳው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ እየሆነበት ውስጡ ነው የተደባደበው። ተመልካች ይህን ላያውቅ ይችላል። ሰውነቱ ግን ያውቃል። ሰውየው ግድግዳ ሲመታ ክብደት አለው።

«ሕልም እንዲህ ነው እንዴ?»

ሌላው ወገን ፊልሙ ገብቶት ያልሞቀው ነው። ክርክሩ ቀላል ነው። ሕልም እንዲህ ሥርዓት የለውም። ሕልም ላይ አያትህ መምህርህ ትሆናለች፣ ቤትህ ውስጥ የማታውቀው ክፍል ይገኛል፣ ጥርስህ ይረግፋል። የኖላን ሕልም ግን ሱፍ የለበሰ ሰው ሽጉጥ ይዞ የሚሮጥበት ነው። ይህን ያሉ ጥቂት ተቺዎች በጊዜው ከፊልሙ አፍቃሪዎች የስድብ ናዳ ወርዶባቸዋል። አለአግባብ ነው። ቅሬታቸው እውነት አለው።

ሳይንሱም በከፊል ከነሱ ጋር ነው። ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት፣ ሬም የሚባለው እንቅልፍ 1953 ላይ ከታወቀ ወዲህ ሕልም ላቦራቶሪ ገብቷል። ስታንፎርድ ላይ የሠራው ስቲቨን ላበርጅ ሕልም ላይ መሆናቸውን እያወቁ ማለም የሚችሉ ሰዎችን ይዞ ሙከራ አድርጓል። ሕልማቸው ውስጥ ሆነው በዓይን እንቅስቃሴ ምልክት ይሰጣሉ፣ አሥር ሰከንድ ይቆጥራሉ፣ እንደገና ምልክት ይሰጣሉ። የቆጠሩት ጊዜ ከውጭው ሰዓት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሃያ እጥፍ የለም። አምስት ደቂቃ አሸልበው አንድ ሰዓት የሚኖሩበት ሕልም የፊልም ስጦታ ነው።

ሌላው ቁራሽ ግን ልክ ነው። 1958 ላይ ዴመንትና ዎልፐርት የሚባሉ ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎች ላይ ውኃ ረጩ፣ መብራት አበሩ፣ ድምፅ አሰሙ። ቀስቅሰው ሲጠይቋቸው ከሁሉ በላይ ሕልም ውስጥ ሾልኮ የገባው ውኃው ነበር። አሁን የፊልሙን መጀመሪያ አስታውሱ። ኮብን ለመቀስቀስ ከወንበሩ ገፍተው ውኃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ይጥሉታል። ሕልሙ ውስጥ የሳይቶ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ተበርግደው ጎርፍ ይገባል። የዩሱፍ ዝናብም የዚሁ ዘመድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የካፌዋ ትዕይንት ናት። ኮብና ተማሪዋ አሪያድኒ ፓሪስ ውስጥ ደጅ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ እንደዋዛ ይላታል፤ የሕልምን መጀመሪያ ማንም አያስታውሰውም፣ ሁልጊዜ ራሳችንን መሀሉ ላይ ነው የምናገኘው። ከዚያ ይጠይቃታል። እዚህ እንዴት መጣን? ልጅቷ ለማስታወስ ትሞክራለች። ፊቷ ይለወጣል። ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ያቺ ጠያቂ ጓደኛችን ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «እኛም እኮ ሲመጡ አላየንም» አለች። እውነቷን ነው። ፊልም ሁሉ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ሰው ቢሮ ውስጥ ያወራል፣ ቆርጦ ካፌ ይቀመጣል፣ መንገዱን ማንም አያሳየንም፣ እኛም አንጠይቅም። ኖላን የሕልምን እንግዳነት በተረገፈ ጥርስ አላሳየንም። ስንት ዓመት ያለ ጥያቄ የተቀበልነው የፊልም አቆራረጥ ራሱ የሕልም ጠባይ እንዳለው ነው ያሳየን። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ነው የሚለውን ክስ ግማሹን ብቻ የምቀበለው።

በሐሰት ማልቀስ

ሰው ስለ ሽክርክሪቷ ሲጮህ የሚረሳው ትዕይንት አለ። ለኔ የፊልሙ ልብ እሱ ነው።

የፊሸር አባት አልጋ ላይ ሆኖ ለልጁ የተናገራት የመጨረሻ ቃል «አዝኛለሁ» የምትል ናት፤ ያሰብኩትን አልሆንክልኝም ዓይነት ሐዘን። ልጁ «እንደሱ ባለመሆኔ አዘነብኝ» ብሎ ነው የተረዳት። አልጋው አጠገብ የሁለቱ ፎቶ አለ። ልጁ ሕፃን ሆኖ ነፋስ የሚያዞረው የወረቀት መጫወቻ ይዟል። ፎቶውን እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ልጁ ነው፤ አባቱ ዞር ብሎም አላየው። ሦስተኛው ሕልም ውስጥ ግን ፊሸር የካዝናውን በር ከፍቶ ሲገባ አባቱ እያጣጣረ ያገኘዋል። አባት በስንት ጣር ይናገራል። ያዘንኩት እኔን ለመሆን በመሞከርህ ነው ይለዋል። አጠገቡ ያለችው ሳጥን ስትከፈት ውስጧ ያ የወረቀት መጫወቻ ቁጭ ብሏል።

ፊሸርን የሚጫወተው ኪሊያን መርፊ እዚያ ያለቅሳል። ተመልካቹም ከሱ ጋር ያለቅሳል። ግን ቆም በሉ። ይህ ሁሉ የተቀነባበረ ማጭበርበር ነው። ዕቅዱ ሲወጣ አይተናል። ቡድኑ ተቀምጦ «ከጥላቻ ይልቅ ዕርቅ ይሠራል» ብሎ ሲመክር ሰምተናል። አባትየው እንደዚያ አላለም፣ መጫወቻውንም አላስቀመጠም። አታላዮቹ እነማን እንደሆኑ በስም እናውቃለን፣ ጭራሽ እንዲሳካላቸው እየጸለይን ነው። እያወቅን እንባችን መጣ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊሸር ያገኘው ዕርቅ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? አባቱ አላለውም። ልጁ ግን ከእንቅልፉ ሲነቃ ቀሏል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ከሽክርክሪቷ ቀድሞ ያንኑ ጥያቄ ፊልሙ እዚህ ጠይቆናል። እኛ ግን ስናለቅስ አመለጠን።

«ወደቀች» ባዮችና «አልወደቀችም» ባዮች

ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ።

«ወደቀች» ባዮች ማስረጃቸው ብዙ ነው። ሽክርክሪቷ ሕልም ውስጥ ስትሾር ቀጥ ብላ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን ትንገዳገዳለች። ኮብ ሕልም ውስጥ ሲሆን የጋብቻ ቀለበት ያደርጋል፣ በእውኑ ዓለም አያደርግም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደግሞ ጣቱ ባዶ ነው ይላሉ። የልጆቹ ነገርም አለ። ሕልሙ ውስጥ ያሉትና መጨረሻ ላይ ያሉት አንድ ይመስላሉ፤ ሆኖም በፊልሙ ማብቂያ የስም ዝርዝር ላይ ዕድሜያቸው የተለያየ ሁለት ጥንድ ሕፃናት ተጽፈዋል። ፊልሙ ውስጥ የሚጫወተው ማይክል ኬን ደግሞ 2018 ለንደን ውስጥ ፊልሙ ሲታይ ነገሩን አወሳ። ስክሪፕቱን አንብቦ የቱ ሕልም የቱ እውን እንደሆነ ግራ ቢገባው ኖላንን ጠየቀው። አንተ ያለህበት ትዕይንት ሁሉ እውን ነው አለው። ኬን ደግሞ መጨረሻው ትዕይንት ላይ አለ። ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

«አልወደቀችም» ባዮችም ዝም አይሉም። ሞምባሳ ላይ ኮብ ሲሳደድ ሁለት ግድግዳ መሀል ይገባል፤ መተላለፊያው እየጠበበ እየጠበበ ሊያጣብቀው ይደርሳል። የሕልም ሩጫ ማለት ይኼው ነው። (በነገራችን ላይ ያ ሞምባሳ ራሱ ሞምባሳ አይደለም፤ የተቀረፀው ሞሮኮ፣ ታንጂር ነው።) ሟቿ ሚስቱ ማል ትጠይቀዋለች። ስማቸው የማይታወቅ ድርጅቶች በየአገሩ የሚያሳድዱህ፣ እውነት ይህ ሕልም አይመስልህም? አንድ ባለሀብት በአንድ ስልክ የግድያ ክስ ያስነሳል፣ ማን ያምናል? ኮብና ሳይቶ መጨረሻ ላይ ከሊምቦ እንዴት እንደወጡም አላየንም። ሳይቶ ሽጉጡን ይነካል፣ ፊልሙ ይቆርጥና ኮብ አውሮፕላን ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል። የካፌዋን ጥያቄ አስታውሱ።

እኔን የሚያስቀኝ ሁለቱም ወገን የዘነጋው ነገር ነው። ሽክርክሪቷ የኮብ አይደለችም። የማል ናት። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው የማይነካው የራሱ ምልክት ይኑረው ይላል። አርተር የራሱን ዳይስ አሪያድኒን አያስነካትም፣ ክብደቱን እሱ ብቻ ማወቅ አለበት። ኮብ ግን በሟች ሚስቱ ዕቃ ነው የሚፈርደው፣ እንዴት እንደምትሠራም ለአሪያድኒ ነግሯታል። ስለዚህ ወደቀችም አልወደቀችም ምስክርነቷ እንደ ሕጉ ውድቅ ነው።

የጠቡ ሞተር ሙዚቃም ጭምር ነው። ፊልሙ በወጣ ሰሞን አንድ ሰው የፈረንሳዊቷን ዘፋኝ የኤዲት ፒያፍን ዘፈን አዝግሞ ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ለካ ያ የሚያስገመግም የሃንስ ዚመር ሙዚቃ ተኝተው ያሉትን ለመቀስቀስ ከሚከፈተው ከዚያው ዘፈን የወጣ ነው። ዚመርም አልካደም። ሕልም ውስጥ ሰዓት ስለሚዘገይ ዘፈኑም ይዘገያል። ይባስ ብሎ የስም ዝርዝሩ ሲያልቅ ዘፈኑ በራሱ ፍጥነት ይሰማል። ተመልካቹን «በል ተነስ» እንደማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ስንቶች ተመልሰው ቲኬት ቆረጡ መሰላችሁ።

ቃሉም አመለጠ። ፊልሙ ውስጥ «ኢንሴፕሽን» ማለት ሐሳብ መትከል ነው። ሰዉ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል ጅራት፣ «ሴፕሽን»ን ቆርጦ አንዱ በሌላው ውስጥ ለተቀመጠ ነገር ሁሉ ይለጥፈው ጀመር። ስለ መትከል የተሠራ ፊልም፣ ያልተከለውን ትርጉም አበቀለ።

ኦስካር ላይ በስምንት ዘርፍ ታጭቶ አራት ወሰደ፤ ቀረፃ፣ ቪዥዋል ኢፌክት፣ ሁለቱን የድምፅ ዘርፎች። ኖላን በዳይሬክተርነት አልታጨም። አድናቂዎቹ እስካሁን ያኮርፋሉ።

ማል የሆነው ማነው?

ሊምቦ ውስጥ ማልና ኮብ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖረዋል። ማል ዓለሙ ሕልም መሆኑን መርሳት ስለፈለገች ሽክርክሪቷን አንድ ካዝና ውስጥ ቆለፈችባት። ኮብ ካዝናውን ከፈተና ሽክርክሪቷን እዚያው አሾራት። ያደረገው ይኼው ብቻ ነው። «ዓለምሽ እውነት አይደለም» የምትል ዘር ተከለባት። ከሊምቦ ወጡ። ዘሯ ግን አልወጣችም። ማል በእውኑ ዓለም ቁጭ ብላ ይህም ሕልም ነው እያለች፣ ልጆቿን አይታ የኔ አይደሉም እያለች፣ በመጨረሻ ከሆቴል መስኮት ላይ ተወረወረች።

አሁን የመጨረሻውን ትዕይንት ድገሙት። ኮብ ሽክርክሪቷን ያሾርና ይተዋታል። እሱ ድኗል። ካሜራው ግን እኛን ይዞ ይመለስና ዓይናችን ሥር ያሾራታል። ኮብ ማል ላይ ያደረገውን ፊልሙ እኛ ላይ አደረገው። «ኤጭ» ያልነው መልስ ስለተከለከልን ይመስለናል። እኔ እንደሚመስለኝ ዘሯ ስትገባ ያለው ድምፅ ነው።

ኖላን ሲጠየቅ የሚመልሰው ከዚህ አይርቅም። ፕሪንስተን ላይ ኮብ ከልጆቹ ጋር በራሱ እውነት ውስጥ ነው፣ መውደቋ አለመውደቋ ግድ አይሰጠውም ብሏል። 2023 ላይ ደግሞ ትክክለኛው መልስ የፕሮዲውሰሯና የባለቤቱ የኤማ ቶማስ ነው አለ። መልሱም ኮብ በዚያ ሰዓት ግድ የለውም የሚል ነው። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች «መሸሽ ነው» ብለው ተናደዱ። የኬን ወሬ ሲወጣ ግን «ተፈታ!» ተብሎ ተጨፈረ። መልስ የሚባለው የሚቆልፈው ብቻ ነው።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ስክሪኑ እንደጠቆረ ሁለት ጊዜ ያየው ወዳጃችን ሪሞቱን አነሳ። የመጨረሻዎቹን አሥር ሰከንዶች መለሰ። ከዚያ እያዘገመ። ከዚያ ፍሬም በፍሬም። «ይኸው! ይኸው ተንገዳገደች!» «የት? አልተንገዳገደችም እኮ!» ስድስት ጊዜ አየናት። ሦስቱ ሰዎች ስክሪኑ ላይ ሊለጠፉ ምንም አልቀራቸው።

«ልጁ አባቱን ምን አለው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የቱ ልጅ?»

«ትንሹ። አባቱ አንስቶት የለም እንዴ፤ ምን እየሠራችሁ ነው ሲለው ምን መለሰ?»

አንዳቸውም አያውቁም። ፊልሙ ሙሉ ጀርባቸውን የሰጡን ሁለት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አዙረዋል። ስድስት ጊዜ አዙረዋል። ፊታቸውን ያየ የለም።

ለሰባተኛ ጊዜ ትንሽ ወደኋላ ሄደን ከፈትነው። ገደል ላይ ቤት እየሠራን ነው አለ ልጁ። ያቺ ጠያቂ ጓደኛችን ፈገግ አለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው መዞር ሲጀምር ግን ሪሞት የያዘው ወዳጃችን እንደገና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።